ቀለምና ከበሮ በራያ ቆላ

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር የተሸከመ ቃል ነው። አበባ የሚያጌጥበትና ልብስ የሚነከርበት ኅብር ቀለም ይባላል፤ ጸሐፊ በብራና ላይ የሚጽፍበት ቀይና ጥቁር ቀለም ይባላል፤ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው ትምህርትም እንደዚሁ ቀለም ይባላል። ቅኔ የሚቆጥር ሰውም የቤቱን ልክ የሚያውቀው በቀለም ቆጠራ ነው። አባቶቻችን የሚታየውን፣ የሚጻፈውን፣ የሚታወቀውንና የሚዜመውን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። እኛ ግን ይህን በሚገባ ያስተዋልነው በጉባኤ ቤትም፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም አይደለም፤ በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ በሄድን ጊዜ ነው እንጂ።

የሄድንበትን ምክንያት ለመግለጥ አስቀድመን አንድ በደላችንን መናገር ግድ ይሆንብናል። ማስተማር በጀመርንባቸው ዓመታት፣ ስሟን በማንጠራት በአንዲት ትምህርት ቤት፣ ከቆቦ መጥቶ ከዘመድ ዘንድ ተቀምጦ የሚማር የ12 ዓመት ልጅ ተማሪያችን ነበረ። አንድ ቀን ሒሳብ ስናስተምር ልጁ ዐይኑን ከሰሌዳው አንሥቶ በደብተሩ ላይ ሲሥል አገኘነው። በገጹ መካከል አንድ ከበሮ ነበረ፤ ከከበሮውም በቀይና በአረንጓዴ እርሳስ የተሠመሩ፣ እንደ ነበልባል የተጠማዘዙ መሥመሮች ወደ ላይ ይወጡ ነበር። «ይህ ምንድር ነው?» ብለን ብንጠይቀው አቀርቅሮ ዝም አለ። ገጹን ቀደን በጓደኞቹ ፊት ጣልነው፤ እርሱንም ደወል እስኪደወል ድረስ አንበረከክነው። በዚያን ጊዜ ሥርዓት ያስከበርን መስሎን ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ ያ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ በስልክ ፈለገን። ቂም የያዘ ሰው ድምፅ አልነበረውም። «መምህር፣ ለሶለል ወደ ቆቦ ይምጡ፤ የማሳይዎት ሥራ አለኝ» አለን። በማግሥቱ ደግሞ እናቱ ደወሉልን፤ የእርሳቸው ነገር ሌላ ነበር። ልጃቸው ተምሮ የጨረሰውን ትምህርት ትቶ ሥዕል ብቻ እንደሚሥል፣ የቢሮ ሥራ ቢገኝለት እንኳ እንዳልተቀበለ ነግረውን፣ «ከኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል፤ ምከሩልኝ» አሉን። እንግዲህ ጉዟችን ሁለት ግብዣ ነበረው ማለት ነው፤ ልጁ ሥዕሉን እንድናይለት፣ እናትዮዋ ሥዕሉን እንድናስተወው።

ከደሴ በማለዳ ተነሥተን በሐይቅ በኩል አለፍን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የተጻፈ፣ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ያለበት ቦታ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። የወሎ ምድር ብሩሽና ቀለምን ካወቀ ከ700 ዓመት በላይ ነው ስንል እንዲሁ ለማሞገስ አይደለም። ከሐይቅ በኋላ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን አልፈን ወልዲያ ገባን። ከወልዲያ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ ጎብዬና ወደ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፣ ሰማዩም ይሰፋል።

የራያ ቆላ ሜዳ በሁለት ግድግዳ መካከል የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል። በምዕራብ በኩል የላስታ ደጋ ተራሮች ቆመዋል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ተዘርግቷል፤ ከዞብል ባሻገር ያለው የአፋር ምድር ነው። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ ገበሬውም ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ በማሳው ላይ ያሰራጨዋል። ዝናቡ በሜዳው ላይ ባይበቃም በደጋው ላይ የዘነበው ለቆላው ይደርሰዋል። ማሽላው የሚበቅለው በዚህ ጥበብ ነው። በነሐሴ ማሽላው ገና ለጋ ነው፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ሲገለባበጥ የውስጡ ነጣ ያለ መሥመር ብልጭ ድርግም ይላል። በኅዳር ዘለላው ሲጎመራ ግን፣ እንደ ዘሩ ዓይነት አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ ይሆናል፤ ገበሬውም ደጋለት፣ ጅጉርቲ እያለ ለየዘሩ ስም ያወጣለታል።

ይህን የምንጽፈው መልክዐ ምድሩን ለማስጌጥ ብቻ አይደለም። ዓለም የዚህን አካባቢ ስም የሰማው በሌላ መልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984፣ ማለትም በ1977 ዓ.ም.፣ ከዚህ ሜዳ በላይ ካለችው ከኮረም ተነሥቶ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው የረኀብ ሥዕል በየሀገሩ ተሠራጨ። እርዳታ ያመጣ፣ ብዙ ነፍስም ያተረፈ ምስል ነው፤ ሐሰትም አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሀገር ለብዙ ዘመን በአንድ ምስል ብቻ ሲታወቅ የቀረው መልኩ ይረሳል። ዐመድና ትቢያ የለበሰው ይኸው ምድር በነሐሴ አረንጓዴ፣ በኅዳር ወርቅማ መሆኑን ማን ይመስክርለት? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ቆቦ ገባን።

የወዳጃችን ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ግቢው በበለስ የታጠረ ቤት ነው። እናቱ እግራችንን ካስታጠቡን በኋላ ምግብ አቀረቡ፤ ጾሙ ገና አልተፈታምና ሽሮ ነበር። ከምሳ በኋላ ልጁ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን። ሸራ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው የእህል ጆንያ እየቀደደ፣ በኮላና በጄሶ እየለሰነ፣ በእንጨት እየወጠረ ይሥልበታል። ወደ 20 የሚሆኑ ሥዕሎች በግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር።

አንዱን ስናይ ማሽላ መስሎን ቀረብን፤ ስንቀርብ ግን አገዳው የሰው ክንድ ሆነ። በሌላው ላይ ተራራ አለ፤ ዞብል መሆኑ ከጫፉ ይታወቃል፤ ነገር ግን ተራራው ቀይ ነው፤ ከሥሩም ሰማያዊና ቢጫ ክቦች አንዱ አንዱን እየገፋ ይሰፋሉ። «ዞብልን በእውነቱ ቀይ ሆኖ አይተኸዋል?» አልነው። «ጉማዬ ሲዘፈን ሁልጊዜ ቀይ ነው» አለን። ቀልድ መስሎን ልንስቅ ስንል ፊቱን አየነው፤ አልቀለደም። «መምህር፣ እኔ የምሥለው ያየሁትን ብቻ አይደለም፤ ያየሁትን ስሰማው ነው። ከበሮው መደቡን ይሰጠኛል፤ እልልታው ብርሃኑን ያመጣል። ከበሮው ዝም ሲል ብሩሹን አስቀምጣለሁ» አለ።

በዚያን ጊዜ የተቀደደችው ገጽ ትዝ አለችን። ከከበሮው የሚወጡት መሥመሮች ነበልባል አልነበሩም፤ ድምፅ ነበሩ።

በማግሥቱ ነሐሴ 16 ቀን ሆነ። ጾመ ፍልሰታ ተፈጽሞ፣ ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ልጃገረዶቹ በየመንደሩ ተሰበሰቡ። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ሹሩባ ተሠርተው፣ ዐይናቸውን ተኩለው፣ በጥልፍ ያጌጠ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በወገባቸው ለምለም ቅጠል አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። የቅጠሉን ነገር ሊቃውንት ሲተረጉሙ ከኖኅ ርግብ ቅጠል ጋር ያያይዙታል፤ የእመቤታችንን ዕርገት ከማየት ደስታ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። በየደጁ የሚሰጣቸውን ስጦታ ይቀበላሉ፤ ይመርቃሉ፤ ያልፋሉ። ጎረምሶቹም ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ሰክተው በሩቁ ይመለከታሉ።

እኛም ከወዳጃችን ጋር በአንድ ግራር ጥላ ቆመን አየን። መጀመሪያ ያየነው ነጭና አረንጓዴ ብቻ ነበር። ጭፈራው ሲግል ግን ቅጠሉ፣ የአንገት ጌጡ፣ አቧራውና ፀሐዩ ተቀላቅለው፣ እያንዳንዱ ነገር ከወሰኑ አልፎ ወደ ጎረቤቱ የሚፈስ መሰለ። ልጁ ግድግዳ ላይ የደረደረው ቀይና ቢጫ ክብ እዚያ በዐይናችን ፊት ሲዞር አየነው። እንግዲህ ሐሰተኛው እርሱ ሳይሆን የኛ ዐይን ነበር ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት ባልተገባ ነበር። በየቤተ መቅደሱ የቅዱስ ያሬድን ሥዕል እናያለን። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ የዜማ አባት በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ያዜማል፤ ንጉሡ በጦራቸው ተደግፈው ሲሰሙ ጦሩ በያሬድ እግር ላይ ተተክሏል፤ ደሙ ይፈስሳል፤ ሰሚውም አዜሚውም አላወቁም። ዜማን መሣል እንዴት ይቻላል? ድምፅ መልክ የለውም። የቀድሞ ሠዓሊ ግን መንገድ አገኘለት፤ ሕመም እስኪረሳ ድረስ የሚያስመስጥ ዜማ መሆኑን በጦርና በደም አሳየ። ከበላዩም ሦስት አዕዋፍን አኖረ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሰማይ ወፎች አፍ እንደ ተገለጡለት ትውፊታችን ያስተምራልና። ዜማውም፣ ፍጥረቱም፣ ቀለሙም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኙ።

ዜማን በዐይን እንዲታይ አድርጎ መጻፍም ቢሆን የኛው ሥራ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የተባሉት ምልክቶች በፊደሉ ራስ ላይ በትንንሹ ሲቀመጡ፣ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ለዐይን ይነግሩታል። በልጅነታችን ጾመ ድጓ ስንማር በጥቁሩ ጽሕፈት መካከል የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ስናይ ድምፃችንን ከፍ እናደርግ ነበር፤ ማንም ሳያዘን ቀዩ ራሱ ከፍ በሉ ይለን ነበር።

በዘመናችንም ከዚህ ምንጭ የቀዱ ታላላቅ ሠዓልያን አሉን። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸው በጀርመን ሀገር በኮሎኝ ተምረው ተመለሱ፤ መልክን ትተው በቀለም ኀይል ብቻ ስሜትን የሚገልጹ ሥዕሎች ስለ ሠሩ በጊዜው ብዙ ክርክር ተነሣባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ዐረፉ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም በስማቸው ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1950 በአዲስ አበባ የተወለዱት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ፣ አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥተው ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉ ሠዓሊ ናቸው። ሥዕላቸው የሚሠራው ከፊደላችን ነው፤ ነገር ግን ፊደሉ አይነበብም። ጃዝ የተባለውን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ እየሰሙ ፊደሉን ያስረዝሙታል፣ ይቆርጡታል፣ ያጎብጡታል፤ ፊደሉም ቃል መሆኑን ትቶ ዜማ ይሆናል። እኛ እነዚያን ሥራዎች በመጽሐፍ ታትመው ባየን ጊዜ በመጀመሪያ የፊደል ክብር የተነካ መስሎን ነበር። ኋላ ግን የዜማ ምልክቶቻችንን አሰብንና ዝም አልን።

ለቆቦ ቅርብ የሆኑት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 በወልዲያ የተወለዱት ታደሰ መስፍን ናቸው። የገብረ ክርስቶስ ደማዝሙር ነበሩ፤ በሌኒንግራድ ተምረዋል፤ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» ተብለው በሚታወቁት ሥዕሎቻቸው የጉልት ሴቶችን እንደ ቤት ምሰሶ አቁመው ያሳያሉ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች፣ መኳንንት እንኳ ባልተሣሉበት ክብር ተሥለው እናያቸዋለን። ከወልዲያ የወጣ ልጅ ይህን ከሠራ ከቆቦ የሚወጣውን ልጅ ሥራህን ተው ማለት በምን አፍ ይቻላል?

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል። የቅዱሳን ሥዕል ለጸሎት የሚሣል ስለሆነ ሥርዓት አለው፤ መልኩም፣ አለባበሱም፣ ቦታውም ከአባቶች የተወረሰ ነውና ሠዓሊው እንደ ወደደ አይለውጠውም። በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ሥዕል ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ለወዳጃችን ብንነግረው፣ «ስለዚህ ነው ሶለልን የምሥለው እንጂ እመቤታችንን የማልሥለው፤ ለርሷ እጄ ገና አልጾመም» አለን። መምህሩ በተማሪው መልስ ተማረ።

በዚያ ማታ እናትዮዋ ቡና አፍልተው ምክራችንን ጠበቁ። እኛ ግን ከምክሩ በፊት በደላችንን ተናገርን፤ ገጹን እንደ ቀደድን፣ ልጁንም እንዳንበረከክን ገለጥንላቸው። እርሳቸውም ሲኒውን እያቀረቡ፣ «አውቃለሁ፤ ነግሮኛል። እኔ ያዘንሁት ስለ ሥዕሉ አልነበረም፤ ስለ ወረቀቱ ነው። ያ ደብተር የዕንቁላል ሽያጭ ነበር» አሉን። ይህን ስንሰማ አንገታችንን ደፋን። እኛ ስለ ልጁ ስጦታ ስንፀፀት ኖረናል፤ ስለ እናቱ ድካም ግን ከቶ አላሰብንም ነበር። ከዚያ በኋላ ያልነው ጥቂት ነው። «የሚበላበትን ሥራ ይያዝ፤ ሥዕሉን ግን አታስተዉት» አልናቸው። እርሳቸው አልመለሱም። ልጁ ግን የዚያን ሰሞን በአንድ ሱቅ ሒሳብ ያዥ ሆኖ እኩለ ቀን ድረስ ለመሥራት ተስማማ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ፣ በሶለል ሰሞን፣ ውጊያው በዚያው አካባቢ ዳግመኛ ተነሣ። ብዙ ቤት ኀዘን ገባ። ከወዳጃችንም ጋር ለብዙ ጊዜ ስልክ አልተገናኘንም።

በኋላ ድምፁን ስንሰማ አስቀድመን የጠየቅነው ስለ እናቱ ነበር፤ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ስለ ሥዕሎቹ ለመጠየቅ ፈራን፤ ራሱ ነገረን። እርሱ ከቤት ርቆ በነበረበት ሰዓት እናቱ ሥዕሎቹን ከእንጨታቸው ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ ማሽላ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው በላያቸው አፈር መልሰውባቸው ነበር። ሲወጡ አብዛኞቹ በእርጥበት ተበላሽተው ተገኙ፤ አምስቱ ብቻ ተረፉ። «እኔ እህሉን ሸሸጉ ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካስ እህሉን ውጭ ትተው እኔን ቀብረው ኖሯል» አለን። ልጃቸውን ሥዕል እንድናስተወው የጠሩን እናት እህላቸውን ትተው ሥዕሉን አዳኑ። እኛ በዚያች ማታ ለተናገርነው መልስ የሰጡን በዚህ ሆነ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ስለ ቅዱስ ያሬድ ልጅነት የምናነበውን አስቡ። አጎቱ አባ ጌዴዎን ትምህርት አልገባው ቢል ገረፉት፤ እርሱም ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየና ተመለሰ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስንተርክ ሁልጊዜ ስለ ትሏ ትዕግሥት እንናገራለን። ከቆቦ ከተመለስን ወዲህ ግን ስለ ገራፊው መምህርም እንናገራለን። ልጁ ቀለም አልቀበልም ያለ ቢመስለን፣ ምናልባት ሌላ ቀለም እየተቀበለ ይሆናልና።

በቤታችሁ እጁ ዝም የማይል ልጅ ቢኖር መጀመሪያ የሣለውን ጠይቁት፤ መልስ ለመስጠትም ጊዜ ስጡት። ትምህርቱን እንዲተው አይደለም፤ ሒሳቡን ይሥራ፣ ዳዊቱን ይድገም። እኛም በክፍላችን አንዲት ደንብ አውጥተናል። የእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር የመጨረሻዋ ቅጠል የርሱ ናት፤ ከበሮ ቢሥልባት፣ ዛፍ ቢሥልባት አናርማትም፤ አንቀድዳትምም። ደብተር በዕንቁላል ሽያጭ የሚገዛ መሆኑን እናውቃለንና ከአንድ ቅጠል በላይ ግን አንፈቅድም።

ለቆቦና ለራያ ሜዳ፣ ለሀገራችንም ሁሉ እግዚአብሔር ሰላሙን ይስጥልን፤ ልጃገረዶቹም ከበሯቸውን ያለ ስጋት የሚመቱበት ነሐሴ ያምጣልን። አሜን።